የአያቴ ሳህንና ሙዳይ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከሐረር ጀጎል ነኝ። አያቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላው የኖረችውን ሰማያዊና ነጭ የቻይና ሳህን ወንድሜ ከሥሩ ጽሑፍ ስላለው የጥንት ነው እንሽጠው ይላል፣ ሙዳዮቹን ግን ለጎረቤት እንስጣቸው አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ በናትሽ ሙዳዮቹን ለማንም እንዳትሰጪ! ስለ ሳህኑ ልጀምር፣ ጽሑፉ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም፣ የቻይና ሠሪዎች የድሮ ነገሥታትን ስም በኋላ ዘመን ዕቃ ላይም ይጽፉ ስለነበር የሚንግ ሥርወ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1368-1644) ንጉሥ ስም ስላለበት ብቻ የሚንግ ነው ማለት አይቻልም። ይልቅ ገልብጠሽ የእግሩን ቀለበት እይው፣ ብዙ ጊዜ እዛ ጋ የሚያብረቀርቅ ልባስ የሌለበት ሸክላ ይታያል፣ በጣትሽ ዳሺው፣ አሠራሩ ብዙ የሚናገረው እዛ ነው። የቻይና ዕቃ እኛ አገር መምጣቱማ አዲስ አይደለም፣ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተቆፈረው ጥንታዊ ከተማ ስብርባሪው ተገኝቷል።

ሙዳዩን ደግሞ ክዳኑን ክፈቺና ውስጡን እይ፣ ውጪው በፀሐይ ቢደበዝዝም ውስጡ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ገና ድምቅ እንዳለ ነው የሚሆነው። እያንዳንዱ ዙር በወስፌ እየተበሳ በስፌት ሣር እየተጠቀለለ ነው የተሰፋው፣ ቅርጹ ሳይዛባ ክዳኑ ልክክ ብሎ እንዲገጥም ማድረግ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ለኔ ከሳህኑ አያንስም። በውሃ አትጠቢው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ፣ ከመስኮት ፀሐይም አርቂው። የሰፋችውን ሴት ስም የሚያውቅ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ጠይቂና ጻፊው።