አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን የሙዚቃ ክምችት ማየት ሲያቅተው

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሳሎን ባለው የዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ላይ አይቲዩንስ በሚባለው የአፕል የሙዚቃ ፕሮግራም ያደራጁትን ሙዚቃ መኝታ ቤት ባለው ማክ ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ ባለፈው ወር የኢንተርኔት አቅራቢው አዲስ ራውተር ከተከለ ወዲህ ክምችቱ ማኩ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይጠፋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከናካቴው አይታይም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ያለበት ኮምፒውተርዎ ደግሞ ሪዝምቦክስ በሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ የክምችቱን ስም እያሳየ አንድም ቀን ከፍቶልዎት አያውቅም። በፍላሽ ወደ እሱ የገለበጧቸው ዘፈኖችም የአማርኛ ርዕሳቸው ተበላሽቷል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ አንድ ላይ ለመፍታት ከሞከሩ ይደክማሉ፤ ለየብቻ ከያዟቸው ግን ሁሉም መውጫ አላቸው።

በቅድሚያ፣ ፈጣን ዋይፋይ እንዲገዙ የመከሩዎትን ወገኖች ቅንነታቸውን ባከብርም ምክራቸውን እንዳይከተሉ እለምንዎታለሁ። ጥራቱ ከፍ ያለ የሚባለው ኤምፒ3 በሰከንድ 320 ኪሎቢት ብቻ ይፈልጋል፤ ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ እንኳ ከ1,411 ኪሎቢት አያልፍም። ይህንን በጣም አሮጌ ዋይፋይም ይሸከመዋል። ፍጥነት ቢያንስ ኖሮ ዘፈኑ ይቆራረጥብዎት ነበር እንጂ የክምችቱ ስም ከዝርዝሩ አይጠፋም።

ነገሩን ለመረዳት ማየትንና መድረስን መለየት ያስፈልጋል። አይቲዩንስ ክምችቱን ሲያጋራ ቦንዡር በሚባለው አገልግሎት በኩል፣ በዩዲፒ ፖርት 5353 (ፖርት ማለት ኮምፒውተሩ መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር ያለው በር ነው)፣ ወደ 224.0.0.251 አድራሻ «እዚህ ነኝ» የሚል ጥሪ ያሰማል። ይህ ጥሪ እንደ እድር ጡሩንባ ነው፤ የሚሰማው በዚያው ሰፈር ነው እንጂ ወደ ሌላ ሰፈር አይሻገርም። ሙዚቃው ራሱ ግን የሚተላለፈው በሌላ መንገድ፣ በቲሲፒ ፖርት 3689፣ ከአንዱ ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ሌላው ነው። ስለዚህ ስሙ ጨርሶ ካልታየ የተበላሸው ጥሪው ነው፤ ስሙ እየታየ አልከፍት ካለ ደግሞ ጥሪው ደርሷል፣ የተዘጋው በሩ ነው ማለት ነው። የእርስዎ ማክ ችግር የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን የኡቡንቱው የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ወደ ማኩ ልመለስ። ከአምስት ዓመት በፊት እኔም ቤት ልክ ይህ ሆኖ ሦስት ምሽት ሙሉ አይቲዩንስን እያጠፋሁ መልሼ ስጭን ቆይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን ከአይቲዩንስ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። አዲሱ የአቅራቢው ሳጥን ራሱ ራውተር ነበር፤ እኔ ደግሞ የድሮውን ራውተር ሳልነቅል ከኋላው ሰክቼው ነበር። ቤቱ ሳላውቀው ለሁለት ሰፈር ተከፍሎ ነበርና ላፕቶፑ 192.168.0 ከሚለው ወገን፣ ሌላው ኮምፒውተር ደግሞ 192.168.1 ከሚለው ወገን አይፒ የሚባለውን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር ይወስዱ ነበር። ሁለቱም የዋይፋይ ስሞች የይለፍ ቃላቸው ስለተቀመጠ ኮምፒውተሩ የበረታውን እየመረጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ ክምችቱ አንድ ቀን ታይቶ በማግሥቱ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። የእርስዎም ጉዳይ «አንዳንድ ቀን» ስለሚል ከሁሉ አስቀድሜ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በዊንዶውሱ የትእዛዝ መስኮት ከፍተው አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ይጻፉ፤ በማኩ ላይ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ዋይፋይ ከሚለው የተገናኙበትን ኔትወርክ ዝርዝር ይክፈቱ። በተለመደው የቤት ኔትወርክ የሁለቱ አይፒ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ የድሮውን ራውተር ይንቀሉት፤ ለሩቁ ክፍል ሲግናል የሚያስፈልግዎት ከሆነ ግን አክሰስ ፖይንት ወደሚባለው አሠራር ይለውጡት፤ ያን ጊዜ የራሱን ቁጥር ማደል ትቶ የዋናው ራውተር ቅርንጫፍ ይሆናል። የእንግዳ ዋይፋይንም አይጠቀሙ፤ የተሠራው የተገናኙበት መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነውና።

ቁጥሮቹ አንድ ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ አዲስ ራውተር ሲያገኝ የማያውቀው ኔትወርክ አድርጎ ስለሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ፐብሊክ በሚለው መደብ ያስገባዋል፤ ቀድሞ ለቤትዎ የፈቀዱለት ነገር ሁሉ በአዲሱ ላይ አይሠራም። በኔትወርክ ሴቲንግ ገብተው ፕራይቬት ያድርጉት፤ በፋየርዎሉ የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥም አይቲዩንስና ቦንዡር በፕራይቬት በኩል ምልክት እንዳላቸው ይመልከቱ። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ለአምስት ደቂቃ ሙከራ ካልሆነ በቀር ትክክል አይደለም። ደግሞም ፒንግ (ሌላው ኮምፒውተር መኖሩን የሚጠይቅ ትእዛዝ) መልስ ባለመስጠቱ አይደናገጡ፤ ፐብሊክ ላይ ያለ ዊንዶውስ ደኅና ሆኖ ሳለ ለፒንግ ዝም ሊል ይችላል።

ታይቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጥፋቱን በተመለከተ፣ የቦንዡር ማስታወቂያ ዕድሜ አለው። የኮምፒውተሩን አድራሻ የሚናገረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 120 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልታደሰ ማኩ ይረሳዋል። ላፕቶፑ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ ማደሱ ይቋረጣልና የእንቅልፉን ሰዓት ያራዝሙ። አንዳንድ ራውተሮች ደግሞ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ በሚባል ሥራ ጥሪውን ከኬብል ወደ ዋይፋይ ሲያሻግሩ ቆይተው መሀል ላይ ያቆማሉ። በራውተሩ ገጽ ውስጥ ይህ ካለ አጥፍተው አንድ ምሽት ይሞክሩት።

ቅንብሩንም በአጭሩ ልንካው። ሆም ሼሪንግ የሚባለው የአፕል የቤት ውስጥ ማጋሪያ የሚሠራው ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ የአፕል አካውንት ሲገቡ ሲሆን እስከ አምስት ኮምፒውተር ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ካታሊና በተባለው የማክ ሥሪት አይቲዩንስ ከማክ ላይ ተከፋፍሎ ስለቀረ ማጋሪያው አሁን የሚገኘው በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ጄኔራል ከዚያም ሼሪንግ በሚለው ሥር ነው። በዊንዶውሱ ላይ የአፕል ሙዚክን አዲስ ፕሮግራም ሳያስቡበት አይጫኑ፤ እሱ ሲገባ አይቲዩንስ ለፖድካስትና ለኦዲዮ መጽሐፍ ብቻ ይቀራል።

የኡቡንቱው ጉዳይ ግን የእርስዎ ስሕተት አይደለም፤ ስንት ሰዓት እንዳባከኑበት ስለምገምት ይህን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አይቲዩንስ 7 ላይ የማረጋገጫውን ስልት ስለለወጠው ሪዝምቦክስን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ስሙን ያያሉ እንጂ መግባት አይችሉም። እኔ የምመክርዎት አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፤ ሙዚቃውን ዘወትር ሳይጠፋ በሚውለው ኡቡንቱ ላይ ያስቀምጡና ሙዚቃን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያቀርቡትን ጄሊፊንን ወይም ናቪድሮምን ይጫኑበት። ከዚያ በማኩም ሆነ በዊንዶውሱ ብራውዘር ላይ የኡቡንቱውን አይፒ ቁጥር ጽፈው፣ ለጄሊፊን 8096ን፣ ለናቪድሮም 4533ን በፖርትነት ካስከተሉ ሙዚቃው ይከፈታል። አድራሻውን በእጅዎ ስለሚጽፉት የቦንዡር ጥሪ መድረስ አለመድረሱ አያሳስብዎትም። ለኡቡንቱው ቋሚ አይፒ በራውተሩ ላይ ያስይዙለት፤ እነዚህን ፖርቶች ግን ወደ ውጭው ኢንተርኔት አይክፈቱ። ፎልደር በማጋራት ማዳመጥም ይቻላል፤ ሆኖም የአይቲዩንስን የላይብረሪ ፋይል ራሱን በተጋራ ፎልደር አስቀምጠው ከሁለት ኮምፒውተር እንዳይከፍቱት አደራ እላለሁ፤ ዝርዝሩን ሊያበላሽብዎት ይችላል። የሚጋራው ዘፈኑ ብቻ ይሁን።

በመጨረሻ የርዕሶቹ ነገር። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት ወደሚይዘው ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለጥቂት ዓመታት ከዚያም በኋላ ብዙዎቻችን የላቲንን ቦታ በሚይዙ ፎንቶች እንጽፍ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ርዕሱ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። የጥያቄ ምልክት የሆኑት ደግሞ አማርኛ መያዝ በማይችለው በአሮጌው የአይዲ3 መለያ (ርዕስና የዘፋኝ ስም በዘፈኑ ፋይል ውስጥ የሚጻፍበት ቦታ) የተጻፉ ናቸው፤ ያ መለያ ለአንድ ርዕስ 30 ባይት ብቻ አለው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው የመለያ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍተው ርዕሶቹን እንደገና በዩኒኮድ ይጻፉና የአይዲ3ን ሥሪት 2.3 ከዩቲኤፍ-16 (ከዩኒኮድ አጻጻፎች አንዱ) ጋር መርጠው ያስቀምጡ፤ አሮጌውን ሥሪት 1 ያጥፉት። ወደ ጥያቄ ምልክት የተለወጠውን ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም ስለሌለ ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ የካሴት ቅጂዎችዎ ከሆኑ ግን ድካሙ ይገባቸዋል።

ዛሬ ማታ የሦስቱን ኮምፒውተሮች አይፒ ቁጥር፣ እያንዳንዱ በኬብል ይሁን በዋይፋይ የተገናኘው፣ የዋይፋዩንም ስም አንድ መሆን አለመሆን እዚሁ ይጻፉልን፤ ሰፈሩ ለሁለት መከፈል አለመከፈሉን ከዚያ ማየት እንችላለን።