«ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ሲልቨር ሻዶው ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ያገኘኸው የ1974 ሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው ነው፣ ለሰርግ ኪራይ ልታደርገው አስበሃል፣ ሻጩ ደግሞ «ሦስት ሰው ብቻ ነው የያዘው፣ ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ብሎሃል። ምን ልይ ነው ጥያቄህ። እዚህ እንግሊዝ አገር አሮጌ መኪና በሚያድስ ጋራዥ ስሠራ ሻዶው ደጋግሜ ፈትቻለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

የሻጩን ወሬ ተወውና ወረቀት ጠይቅ። ቪ5ሲ የሚባለው ሊብሬ ከዚህ በፊት በስንት ሰው ስም እንደዞረ ያሳይሃል። ታርጋውን ግን አትመን፤ እዚህ ታርጋ ከመኪና ወደ መኪና ይዛወራል፣ ሮልስ ያለው ሰው ደግሞ የራሱን ታርጋ መለጠፍ ይወዳል። ዋናው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ኤስ አር ኤች ብሎ ከጀመረ በቀኝ መሪ የተሠራ ነው። ኤስ አር ኤክስ ካለ በግራ መሪ የተሠራ ነው፤ መሪው አሁን በቀኝ ከሆነ፣ ማን የት እንደቀየረው ያስረዳህ።

ቁጥሩን ይዘህ ለሮልስ ሮይስ አፍቃሪዎች ክለብ ጻፍላቸው። ኖርዛምፕተንሻየር ውስጥ ፓውለርስፐሪ በምትባል መንደር ናቸው። መኪናው የተሠራበት፣ ክሩ በምትባል ከተማ ያለው ፋብሪካ መዝገብ እነሱ ጋ ነው ያለው፣ ከፍለህ ኮፒ ታገኛለህ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙና የመቀመጫው ቆዳ ምን እንደነበር እዚያ ላይ ታያለህ። ይሄ ለምን ይጠቅማል? ብዙ ሻዶው ለሰርግ ሲባል ነጭ ተቀብቷል። አንዱን ነጭ መኪና የበሩን ልባስ ስናወልቀው ውስጡ ጥቁር ቡኒ ነበር። ቀለም መቀየር ነውር የለውም። ነገር ግን የበሩ ጎሚኒ ሳይነሳ ከላይ ከላይ ከተረጨ፣ ጠርዙን በጥፍርህ ገፋ ስታደርገው የድሮው ቀለም ብቅ ይላል። በሩን ሳይፈታ የቀባ ሰው ሥሩን ይፈታል ብለህ አትጠብቅ።

ጉድ ያለው ደግሞ ሥሩ ነው። ሻዶው በ1965 ሲወጣ ቦዲና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው ሮልስ ነበር። ስለዚህ ከበሮቹ በታች ያለው ደፍና የኋላ ጎማው ዙሪያ ዝጎ ከሆነ የሚታመመው መልኩ ብቻ አይደለም፣ የመኪናው አጥንት ነው። ትንሽ ማግኔት ይዘህ ሂድ። በሮቹ፣ ኮፈኑና የዕቃ መጫኛው ክዳን አሉሚኒየም ስለሆኑ ማግኔት አይዛቸውም፣ አትደንግጥ። ደፉ ላይ አልይዝ ካለህ ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። በእውነት ታድሶ ከሆነ የብየዳው ፎቶ ይኖራል። ያን ሁሉ ብር ከስክሶ ፎቶ የማያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ፤ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። ፋብሪካው ሃይድሮሊኩን፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራውን ሲስተም፣ የሠራው ከሲትሮየን ፈቃድ ገዝቶ ነው። ሞተሩ ሁለት ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፣ እነሱ ናይትሮጅን በተሞሉ ሁለት ሉሎች ውስጥ ግፊት ያጠራቅማሉ። ፍሬኑም፣ የኋላውን ከፍታ የሚያስተካክለውም በዚያ ግፊት ነው የሚሠራው። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሥነሳውና አጥፋው። ቁልፉን መልሰህ ክፈትና ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቱ እስኪበራ ፔዳሉን ደጋግመህ እየረገጥክ ቁጠር። ደህና ከሆነ ብዙ ትረግጣለህ። ሦስት አራቴ ረግጠህ ከበራ ናይትሮጅኑ አልቋል።

ከዚያ «ምን የፍሬን ዘይት ነው የምትጨምረው?» በለው። መልሱ አር አር 363 መሆን አለበት። ከ1980 በኋላ የመጣው ሲልቨር ስፒሪት በማዕድን ዘይት ነው የሚሠራው፤ ያንን ሻዶው ውስጥ የጨመረ ሰው የፍሬኑን ጎሚኒ በሙሉ አበላሸው ማለት ነው። ያኔ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈታል፣ ወጪውም መኪናው ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ ይህን ጥያቄ ሰምቶ ከተደናበረ ብዙ ነገር ነግሮሃል። እኔ ብሆን ከአዲስ ቆዳና ከሚያብለጨልጭ እንጨት ይልቅ የሉሎቹንና የፍሬን ቱቦዎቹን ደረሰኝ ነው የምጠይቀው።

ሞተሩና ካምቢዮው ብዙ አያስጨንቁህ። 6.75 ሊትር ቪ8 ነው፣ ካምቢዮው የጄኔራል ሞተርስ ነው፣ ካልሞቀና ዘይት ካልተነፈገ ዕድሜ አለው።

ኤም ኦ ቲውን፣ ማለትም የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራውን ውጤት፣ ከ2005 ወዲህ ያለውን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ታያለህ። የኪሎ ሜትሩ ሳይሆን የማይሉ ቁጥር በየዓመቱ እንዴት እንደሄደ፣ ስለ ዝገት ምን እንደተጻፈ አንብብ። 40 ዓመት ያለፈው መኪና ግዴታ ስለማይኖርበት የቅርብ ጊዜው ባዶ ቢሆን ብዙም አይግረምህ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለሰርግ ስታከራየው ለአሮጌ መኪና የሚሰጠው የመንገድ ግብር ነፃነት አይሠራልህም፤ ለንግድ የዋለ መኪናን አይመለከትም። ኢንሹራንሱም የኪራይ መሆን አለበት። ሻጩ «ግብር የለበትም» ቢልህ ለራሱ መዝናኛ ስለሚነዳው ሊሆን ይችላል፣ አንተ ግን ግብሩን ከሂሳብህ ውስጥ አስገባው። የደፉን ፎቶ ከሥር አንስተህ እዚሁ ብትለጥፍ አይቼ እነግርሃለሁ።