ጥያቄና መልስ፦ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥልኝ ብሎ በራስ ፈቃድ መመዝገብ

በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ላይ ከሲያትልና ከአካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው መሣሪያ እንዳይሸጥለት ራሱ ማመልከት ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከጥር 2019 ጀምሮ ይችላል። ቅጹ የሚገባው በየትኛውም ካውንቲ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱ ፎቶ ያለበትን መታወቂያ አይቶ በዚያው የሥራ ቀን ለግዛቱ ፖሊስ ይልከዋል፤ ፖሊስም በ24 ሰዓት ውስጥ የገዢዎች ማንነት በሚጣራበት የፌዴራል መዝገብ ያሰፍረዋል።

ጥያቄ፦ መግዛት ያልፈለገ አይገዛም፤ መመዝገቡ ምን ይጨምራል?

መልስ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ድንገት በርትቶ መልሶ የሚረግብ ነው። በመሣሪያ ከሚሞክሩት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ሲሞቱ፣ ከሙከራ የተረፉት አብዛኞቹ ግን በኋላም ራሳቸውን አያጠፉም። ስለዚህ ሕመሙ እንደሚመላለስበት የሚያውቅ ሰው፣ በደህናው ቀን በገዛ እጁ በሩን ዘግቶ ክፉዋን ሰዓት ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ሐሳቤን ብቀይርስ?

መልስ፦ ቅጹን ካስገቡ ከ7 ቀን በኋላ በዚያው ካውንቲ መሰረዝ ይችላሉ። ፖሊስ በ7 ቀን ውስጥ ስምዎን ያወጣል፣ ሰነዱንም ያስወግዳል። ተመሳሳይ መዝገብ ባላት በቨርጂኒያ ግዛት ግን ስም የሚወጣው ከጥያቄው 21 ቀን ቆይቶ ነው፤ የእኛዎቹ 7 ቀናት፣ በእኔ አስተያየት፣ አጭር ናቸው። በዚህ ምክንያት ቅጹ ላይ ስረዛ ሲጠየቅ እንዲነገረው የሚፈልጉትን ሰው የሚጽፉበትን ቦታ ባዶ አይተዉት፤ እኅትም ትሁን የንስሐ አባት፣ ደውሎ «ምነው?» የሚል ሰው ይግባበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ያሰጋኛል፤ እኔ ላስመዝግበው?

መልስ፦ አይቻልም፣ ፈቃዱ የራሱ መሆን አለበት። ለቤተሰብ የተከፈተው መንገድ ሌላ ነው፤ በ2016 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ መሠረት መሣሪያው እንዲወሰድ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አሠሪዬ ቢያውቅስ? ሐሜቱስ?

መልስ፦ መዝገቡ ከሕግ አስከባሪ በቀር ለማንም አይገለጽም፤ ፍርድ ቤትም በሌላ ክርክር ማስረጃ አያደርገውም። ለሥራ ወይም ለአገልግሎት ቅድመ ሁኔታ አድርጎ «ተመዝገብ» ማለትም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ቀድሞውኑ ቤት ውስጥ ያለው ሽጉጥስ?

መልስ፦ መመዝገብ ብቻውን ሽጉጡን ከመሳቢያ አያወጣውም። ለጊዜው ተረክበው የሚያስቀምጡ ፖሊስ ጣቢያዎችና መሣሪያ ሻጮች ስላሉ፣ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። አደጋው የዛሬ ከሆነ ግን ቅጽ ከመሙላት በፊት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው እርዳታ ወደሚሰጠው የስልክ መስመር 988 ይደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።