ያለ ጥፋታቸው የታሰሩትን ማስፈታት እፈልጋለሁ

ጥያቄውን የላከችልን በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የ20 ዓመት ወጣት ናት። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ለነርሲንግ የሚያዘጋጁ ትምህርቶችን እየወሰደች ነው። «ፕሩቨን ኢኖሰንት» የሚባለውን ድራማ ካየች ወዲህ ግን ልቧ ወደ ሕግ ሄዷል። «እናቴ ነርሲንጉን ጨርሺ ትለኛለች። ድራማው ራሱ በአንድ ሲዝን ተዘጋ። ይሄ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በድራማው ልጀምር። ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ጀመረው፤ 13 ክፍል አሳይቶ በዚያው ዓመት ሰረዘው። አንድ ፕሮግራም በቴሌቪዥን ስላልቀጠለ ሥራው የለም ማለት አይደለም። በድራማው ማደሊን ስኮት ባልሠራችው ግድያ 10 ዓመት ታስራ ትወጣና ቺካጎ ውስጥ ጠበቃ ትሆናለች። «የድራማ ነገር» ብለሽ እንዳታልፊው። ጃሬት አዳምስ የሚባል የቺካጎ ልጅ በ17 ዓመቱ ባልፈጸመው አስገድዶ መድፈር ተከሶ ዊስኮንሲን ውስጥ 28 ዓመት ተፈረደበት። ሊረዳው የሚችል ምስክር ነበር። የተመደበለት ጠበቃ ግን ምስክሩን ሳያቀርብ ቀረ። ልጁ ወደ 10 ዓመት ገደማ ታስሮ በ2007 ነጻ ወጣ። በ2015 ከሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ በሕግ ተመረቀ። ዛሬ ጠበቃ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ይህን ልጅ ያሳሰረው የጠበቃው የንግግር ችሎታ ማነስ አይደለም። አንድ ምስክር አለመቅረቡ ነው። ድራማው የሚያሳይሽ ጠበቃዋ ችሎት ፊት ቆማ ስትሟገት ነው። የሥራው አብዛኛው ክፍል ግን ካሜራ የማይወደው ነው፤ ከእስረኞች የሚመጣ ደብዳቤ ማንበብ፣ የቆየ የችሎት መዝገብ ገጽ በገጽ ማገላበጥ፣ አድራሻው የጠፋ ምስክር ፍለጋ በር ማንኳኳት።

አንቺ ከምትኖሪበት ግዛት አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከርክ ብለድስወርዝ በ1985 ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ደፍሮ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። አምስት ሰዎች «አይተነዋል» ብለው መሰከሩበት። እስር ቤት ሆኖ እንግሊዝ አገር ፖሊስ ዲኤንኤ መጠቀም እንደጀመረ አነበበና «የእኔም ይመርመር» አለ። ማስረጃው ጠፍቷል ተባለ። ተፈልጎ ሲገኝ በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ዳኛው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። በ1993 ተፈታ። አሜሪካ ውስጥ ሞት ተፈርዶበት በዲኤንኤ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እውነተኛው ገዳይ የታወቀው በ2003 ነው፤ እዚያው እስር ቤት አብሮት የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ያንን ከረጢት ሳይሰለች የፈለገ ሰው ነው የአንድን ሰው ነፍስ ያተረፈው። አንቺ እንዲህ ያለ ሥራ ትወጃለሽ? ራስሽን መጠየቅ ያለብሽ ይህንን ነው።

ሕጉም ቀላል አይደለም። ከፍርድ በፊት ሰው ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከተፈረደበት በኋላ ሸክሙ ወደ እሱ ይዞራል። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥ ለብዙ ዘመን፣ ፍርዱ ከተሰጠ 21 ቀን ካለፈ አዲስ ማስረጃ ይዘሽ ብትመጪም ፍርድ ቤቱ አያይልሽም ነበር። ለዲኤንኤ በሩ የተከፈተው በ2001 ነው። ለሌላ ዓይነት ማስረጃ ደግሞ በ2004። አንድ ጉዳይ ዓመታት ይፈጃል። ጠበቆቹ የሚረዷቸውን ሰዎች ሁሉ አያስፈቱም፤ ይህንን የማይችል ሰው ቶሎ ይሰበራል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽ አልተሳሳቱም። ጠበቃ ለመሆን መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ የሦስት ዓመት ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት)፣ ከዚያ ለጥብቅና ፈቃድ የሚያበቃው የባር ፈተና ይጠብቅሻል። ብድሩም ከባድ ነው። በመንግሥት ቢሮ ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ከሠራሽ ግን ከ120 ወርሃዊ ክፍያ በኋላ ቀሪውን የፌዴራል ብድር የሚሰርዝ ፕሮግራም አለ። ደንቡን ገና ከመበደርሽ በፊት አንብቢው።

ብዙ ልጆች የማያውቁትን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሎው ስኩል «ምን ተማርሽ?» ብሎ አይመርጥም። በነርሲንግ ዲግሪ መግባት ይቻላል። እንዲያውም ስንት ሰው በተሳሳተ የሕክምና ምስክርነት ታስሯል! የሆስፒታል መዝገብና የአስከሬን ምርመራ ውጤት አንብባ የሚገባት ጠበቃ በዚህ ሥራ ትፈለጋለች። ስለዚህ ነርሲንጉን ካልጠላሽው አትጣዪው። ለሁለት ዓመት ሠርተሽ ብር ብትይዢም ጊዜ አላባከንሽም። ከጠላሽው ግን ለእናትሽ ብለሽ በታማሚ ሰው ላይ እንዳትለማመጂ።

ደግሞ አማርኛሽን አትናቂው። በዋሽንግተን አካባቢ ፍርድ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። አስተርጓሚነት የራሱ ሥልጠናና ፈተና ያለው ሙያ ነው። አንዲት የእኛ እናት ፖሊስ ፊት በማታውቀው ቋንቋ «እሺ፣ እሺ» ስትል ምን ሊደርስባት እንደሚችል አስቢው። በቋንቋዋ የምትጠይቃት መርማሪ ወይም ጠበቃ ብታገኝ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። በመጪው ሳምንት አንድ ጠዋት ሮክቪል ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሂጂ። አብዛኛው የወንጀል ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ምን ልትሠሪ መጣሽ አይልሽም። ለሦስት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለሽ ተከታተዪ። ከዚያ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች የሚቆመው የዲሲ ፐብሊክ ዲፌንደር ሰርቪስ የኮሌጅ ተማሪዎችን በመርማሪነት የሚያሠለጥንበትን ኢንተርንሺፕ ተመልከቺ። ተማሪዎቹ ምስክር ያነጋግራሉ፣ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ ያያሉ። የማመልከቻውን ጊዜና ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ወደፊት ሎው ስኩል ስትመርጪ ደግሞ ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ የእውነተኛ እስረኛ ጉዳይ የሚይዙበት ክሊኒክ ያለውን ፈልጊ። ባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ አንድ አለው፤ ለቤትሽም ቅርብ ነው።

ከሮክቪል ስትመለሺ ጻፊልኝ። ማን ጥሩ ተናገረ አልልሽም። የትኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ እንደቀረ ንገሪኝ።