ሁለት ልጅ፣ ሦስት ድስት

ጥያቄ፦ የ6 ዓመቱ ልጄ ሽሮ ውስጥ የሽንኩርት ቁራጭ ካየ ትሪውን ገፍቶ ይነሳል። የ3 ዓመቷ እህቱ ወጥ የነካው እንጀራ አትቀምስም፤ ፓስታና ወተት ብቻ ነው የምትፈልገው። ለእያንዳንዳቸው፣ ለእኛም ሌላ፣ በቀን ሦስት ድስት እጥዳለሁ። አያታቸው «አስርበሽ አስለምጂያቸው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ድስቱን አንድ ያድርጉት፤ ማስራብ ግን አያስፈልግም። እንግዳ ምግብን መሸሽ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይበረታል። ደግሞ ደብዳቤዎን ልብ ብሎ ላነበበ፣ ሁለቱም የጠሉት ሽሮን አይደለም፤ እሱ ጥርሱ ላይ የሚያገኘውን ቁራጭ፣ እሷ የራሰውን እንጀራ ነው።

ምጥን ሽሮ በርበሬው አብሮ ስለተፈጨ ለልጅ መለየት አይቻልም። ከቅዳሜ ገበያ ሽምብራ ሲገዙ 2 ኪሎውን ያለ በርበሬ ለብቻ ያስፈጩ። አንድ ትልቅ ሽንኩርት ይፈቅፍቁ እንጂ አይክተፉ፤ ውሃው እስኪመጥ ካቁላሉ በኋላ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ 4 ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩ። 8 ማንኪያ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ያግቡ። ደረቁን በፈላው ላይ ከበተኑት ይጓጉላል፣ ጉጉሉንም ልጅዎ እንደ ሽንኩርቱ ይለቅመዋል። 25 ደቂቃ በዝግታ ከተንተከተከ በኋላ የልጆቹን ቀንሰው ያውጡ። የአዋቂዎቹ በርበሬ በመጥበሻ በዘይትና በጥቂት ውሃ ቀድሞ ይቁላላ፤ መጨረሻ ላይ ከነሰነሱት ጥሬ ጥሬ ይላል። (መጥበሻዋ እንደ ድስት አትቆጠርም።)

የልጅቷን ሽሮ በሲኒ አጠገቧ ያስቀምጡ፤ እንጀራዋ ደረቅ ሆኖ ራሷ እያጠቀሰች ትብላ። ድርሻዋ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሁን፤ የተከመረ ሳህን ገና ሲታይ ያጠግባል። መቅረብ ያለበትን እርስዎ ይወስኑ፣ የሚበላውን መጠን እነሱ። አንድ ምግብ ከመለመዱ በፊት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ ቤት በአራተኛው ተስፋ ይቆርጣል። ጉርሻም ፍቅር ነው፣ አፏን ለዘጋች ልጅ ግን ግዴታ ይሆንባታል። «ሽሮውን ከጨረስክ ብስኩት» የሚለው ደግሞ ሽሮን ቅጣት ያስመስለዋል።

ዋናው ጥርጣሬያችን ወተቱ ላይ ነው። በቀን ከ2 ብርጭቆ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር ገደማ፣ አይብለጥ፤ ከምግብ በኋላ እንጂ በፊት አይሰጥ። ሆድ ይሞላል እንጂ ብረቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሲበዛ ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። ሻይም ከምግብ ጋር አይሁን፣ የእህሉን ብረት ያሳጣል። ምሳ 6 ሰዓት፣ መክሰስ 9፣ እራት 12 ተኩል፤ በመሃል ውሃ ብቻ።

ክብደት ካልጨመሩ፣ ሲውጡ ትን ካላቸው ወይም የሚበሉት ዓይነት ከወር ወር እያነሰ ከሄደ ጤና ጣቢያ ያሳዩዋቸው። የልጅቷ የክንድ ዙሪያ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ፓስታውን አይከልክሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን የቤቱ ሁሉ ምሳ ይሁን፣ አያትም ይብሉ።