ጠይቁን፦ የአጎቴ ቶርኖ በእርግጥ የጣሊያን ጊዜ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አጎቴ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እያሽከረከሩ የሚቆርጡበት) ነበረው። ቦታው ለልማት ስለተፈለገ ዕቃውን ማንሳት አለብን። ትልቁን ቶርኖ ከልጅነታችን ጀምሮ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ሲባል ነው የሰማነው፤ አጎቴም ከአንድ ጣሊያናዊ እንደገዛው ይናገር ነበር። አረንጓዴ ቀለም ተደራርቦበታል። ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀየርበት ሳጥን) ላይ የተመታች ትንሽ ሳህን አለች፤ ቀለሙ በተላጠበት በኩል 1ኬ62፣ ከሥሩ ደግሞ ሲሲሲፒ የሚል ይነበባል። ከአልጋው (መቁረጫው ከሚሄድበት ረጅም ብረት) እስከ ቸኩ (የሚሠራውን ብረት ጨብጦ የሚያሽከረክረው) መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለካሁ። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ልግዛችሁ ብሎናል። ዕድሜው ስንት ይሆናል? እንሽጠው?
የወንድሙ ልጅ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ልጄ፣ እባክህ በኪሎ አትሽጠው። አጎትህ ሲበላበት የኖረ ማሽን ነው፤ ደህና ከተያዘ አንተንም ያበላሃል።

ማንነቱን ለማወቅ የጻፍክልኝ ይበቃል። ሲሲሲፒ ብለህ ያነበብከው በሩስያ ፊደል የተጻፈው የሶቭየት ኅብረት ምኅጻር ነው። 1ኬ62 ሞዴሉ ነው። ሶቭየቶች ማሽን የሚመድቡት በቁጥር ነበር፦ 1 የቶርኖ ወገን መሆኑን፣ 6 የቡሎን ጥርስ ጭምር የሚያወጣ መደበኛ ቶርኖ መሆኑን፣ 2 ደግሞ ከአልጋው እስከ ቸኩ መሐል ያለውን ከፍታ በዴሲ ሜትር (አንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው) ያሳያል። የለካኸው 20 ሴንቲ ሜትር ከዚሁ ጋር ገጥሟል። ፊደሏ ማሻሻያውን ትለያለች፤ ቀዳሚው 1ኤ62 ነበር።

ሞስኮ የነበረው ክራስኒ ፕሮሌታሪ ፋብሪካ ይህን ሞዴል ማምረት የጀመረው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ 16ኬ20 በሚባለው ሞዴል ተተካ። ጣሊያን ከአዲስ አበባ የወጣው በ1933 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ማሽኑ የጣሊያን ጊዜ ሊሆን አይችልም። አጎትህ ግን አልዋሸም፤ ከወረራው በኋላ እዚሁ ከተማ ቀርተው ወርክሾፕ የከፈቱ ጣሊያኖች ነበሩ፣ ከአንዱ ገዝቶት ይሆናል።

የተሠራበትን ዓመት ያችው ሳህን ትነግርሃለች፤ ከሞዴሉ ጋር ተራ ቁጥሩና ዓመቱ ይመታባታል። በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካት አደራ! ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛ አርሰህ ለጥቂት ጊዜ ደርብባት፤ ቀለሙ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልክ አንሳው። ከዚያ ነጭ ጠመኔ እሸትባትና ትርፉን በመዳፍህ ጥረግ፤ ጠመኔው ጎድጎድ ባለው ቁጥር ውስጥ ይቀራል። የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግተህ ስታበራ ይነበባል። በሞተሩ ላይ ባለው ዓመት አትመራ፤ ሞተር ይቃጠላል፣ ይቀየራል።

ከዕድሜው ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው የአልጋው ጤንነት ነው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ቸኩ አጠገብ ስለሆነ አልጋው የሚበላው እዚያ ነው። መቁረጫ ተሸካሚውን ወደ ቀኝ ግፋውና አልጋውን ጥረገው። ጥፍርህን ተሸካሚው ፈጽሞ ከማይደርስበት ከግራው ጫፍ ጀምረህ ወደሚሄድበት አሳልፈው። ደረጃ ነገር ጥፍርህን ከያዘው ተበልቷል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን አልጋው ይሞረዳል፤ ለሻካራ ሥራ ደግሞ እንዳለ ያገለግላል።

ስታነሱት ተጠንቀቁ፤ ከ2 ቶን በላይ ነው። ገመድ ጥርስ ሲወጣ ተሸካሚውን በሚነዳው በረጅሙ መሪ ቡሎን ላይ እንዳታስሩ፤ ቡሎኑ ከጎበጠ ጥርስ አያወጣም። ክብደቱ ያለው ካምቢዮው በኩል ስለሆነ ከመነሳቱ በፊት ተሸካሚውን ወደ ቀኝ አድርጉት፣ ሚዛን ይጠብቃል። አዲሱ ቤት ሲገባ ሦስት ፌዝ መብራት ያስፈልገዋል፤ ዋናው ሞተር 10 ኪሎ ዋት ነው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የሚሸጥ ቶርኖ አየሁ። ሻጩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው ይላል፤ አልጋው ላይ ግን «ሜድ ኢን ዌስት ጀርመኒ» የሚል አለ። ልመነው?

መልስ፦ አትመነው። ምዕራብ ጀርመን የቆመችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ። ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሐዱት በ1990 ስለሆነ ማሽኑ በእነዚህ መካከል የተሠራ ነው። ከመግዛትህ በፊት አስነሥተህ ብረት ቁረጥበት፤ ቆሞ ያየኸው ማሽን ላይ ቀብድ አትክፈል።