ለፔንሲዮኑ ድረ ገጽ የቱን ነጻ ኤዲተር ልጠቀም ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽ እንደገባኝ ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ዊንዶውስ 10፣ ኢንተርኔትሽ የሞባይል ፓኬጅ። የአጎትሽን ፔንሲዮን ድረ ገጽ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ልትሠሪለት ነው፤ ኮዱን የምትጽፊበት ነጻ ኤዲተር የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። ሰው ሁሉ «ቪኤስ ኮድ» ይልሽና ያልፋል። አልተሳሳቱም፤ ግን እኔን ያንገበገበኝን ነገር ማንም አይነግርሽም። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

1. ቪኤስ ኮድ የማይክሮሶፍት ነው፣ ነጻ ነው፣ ጎበዝ ነው። መጫኛው ግን 100 ሜጋ አካባቢ ነው። ውስጡ ያለው ክሮም የሚሠራበት ሞተር ስለሆነ ራም ይበላል። በ4 ጊጋ አይሠራም አልልሽም፤ ክሮምና ቴሌግራም ከጎኑ ከተከፈቱ ግን ማሽንሽ ማቃሰት ይጀምራል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ (Notepad++) የሚባለው ሌላው ነጻ ኤዲተር ግን ከ10 ሜጋ በታች ነው፣ ወዲያው ይከፈታል፣ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ዛሬም ይታደሳል። ለአንቺ ማሽን መጀመሪያ እሱን ነው የምለው።

2. የድሮ የዩቲዩብ ትምህርት አይቶ ኤዲተር ማውረድ ይቅርብሽ። ብራኬትስ የሚባለውን ኤዲተር አዶቢ በ2021 ትቶታል። አተምን ጊትሃብ በ2022 መጨረሻ ዘግቶታል። ክራክ የተደረገ ድሪምዊቨር (የሚከፈልበት የድረ ገጽ መሥሪያ ነው) በፍላሽ የሚጭኑልሽ ሱቆች ደግሞ ቫይረሱን ምርቃት ይጨምሩልሻል። በዎርድ ጽፎ እንደ ድረ ገጽ ሴቭ ማድረግማ አይወራ፤ አንዲት መስመር የምትጽፊበት ቦታ አንድ ገጽ የማይገባሽ ኮድ ይሞላልሻል።

3. ዋናው ነገር ኤንኮዲንግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፊደልን ወደ ቁጥር ለውጦ ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥበት አሠራር ማለት ነው። ፋይልሽ የእኛንም ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) መቀመጥ አለበት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ለአንድ የግል ማሠልጠኛ ተቋም ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ግማሹን ክፍያ ስጀምር ተቀበልኩ፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ ነበር። ሥራው ደግሞ ሥራ ነበር! በስልክም በኮምፒውተርም ሲከፈት የሚያምር፣ አንድም መስመር ከሌላ ቦታ ያልተገለበጠ። ቀሪውን ልቀበል ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ፎቶው በቦታው አለ። እንግሊዝኛው በቦታው አለ። አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። «ምዝገባ» የሚለው ቁልፍ ላይ አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። «ገንዘብ ከፍለን የጥያቄ ምልክት ነው የገዛነው?» አለኝ። ጸሐፊዋ ትስቃለች።

ከስንት ንትርክ በኋላ የአይቲ ሠራተኛቸው ተጠራ። ለካስ ስልክ ቁጥር ልቀይር ብሎ ነው። የገጹን ኮድ ከብሮውዘሩ ኮፒ አድርጎ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነ ኮምፒውተሩ ላይ ተራውን ኖትፓድ ከፍቶ ለጠፈው። ሴቭ አለው፣ ሰርቨሩ ላይ ጫነው። የዚያ ዘመን ኖትፓድ አዲስ ፋይልን ካልነገርሽው በቀር አንሲ በሚባለው አሠራር ነው የሚያስቀምጠው። እዚያ ውስጥ የእኛ ፊደል ቦታ የለውም፤ አንዱም ሳይቀር በጥያቄ ምልክት ይተካል። ኖትፓድ እኮ ደግሞ ዝም ብሎ አያጠፋም! «በዚህ መልኩ ካስቀመጥከው የሚጠፉ ፊደላት አሉ» የሚል ሳጥን ፊትህ ላይ ያመጣል። ሰውዬው ኦኬ ብሎት አልፏል። ሲጠየቅ ምን አለ? «ሲስተሙ ነው።»

ዋናው ፋይል በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያው ቆሜ መለስኩላቸው። ያመሰገነኝ የለም። ከዚያ የፋይናንስ ቢሮው ተራ ደረሰ፤ ነገ ና፣ ፊርማ ይቀራል፣ ፈራሚው መስክ ወጥቷል። በመጨረሻ «ለተፈጠረው መጉላላት» ብለው ቆርጠው ከፈሉኝ። ያጉላላኋቸው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ይህን የምነግርሽ የአጎትሽ ፔንሲዮን እንግዳ መቀበያ ላይም «ኮምፒውተር እችላለሁ» የሚል አንድ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ማይክሮሶፍት በ2019 ኖትፓድን አስተካክሎ ዩቲኤፍ-8ን መደበኛ አድርጎታል። የአንቺ ዊንዶውስ ከዚያ ወዲህ ከታደሰ ደህና ነሽ። የእነሱ ኮምፒውተር ግን ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማን ያውቃል?

አማርኛው ከተበላሸ ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቂ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷል። ከዚያ ፋይል አማርኛውን እመልሳለሁ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ኮፒ ከሌለሽ እንደገና መጻፍ ነው። ጭረት ያለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ከተደረደሩ ግን አትደንግጪ። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት (የፋይል ትንሿ መለኪያ) ይይዛል፤ ብሮውዘሩ ኤንኮዲንጉ ስላልተነገረው እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እያነበበ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም። ከገጹ ራስጌ (<head> ውስጥ) ኤንኮዲንጉን ለብሮውዘሩ የምትነግረውን የሜታ ቻርሴት መስመር፣ <meta charset="utf-8">ን፣ አስገቢ፣ ይመለሳል።

የት ነበርኩ? አዎ፣ 3 ላይ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከታች በቀኝ ጥግ ኤንኮዲንጉን ጽፎ ያሳይሻል። አንሲ የሚል ካየሽ አንድም የአማርኛ ፊደል ሳትጽፊ ከኤንኮዲንግ ሜኑ ወደ ዩቲኤፍ-8 «ኮንቨርት» የሚለውን ምረጪ። ኮንቨርት የሌለበት ምርጫ ፋይሉ የሚነበብበትን መንገድ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ቪኤስ ኮድ ላይ ይሄ ጣጣ የለም፣ ከመጀመሪያው ዩቲኤፍ-8 ነው። ባዶ የኤችቲኤምኤል ፋይል ላይ ቃለ አጋኖ ጽፈሽ ታብ ስትጫኚ የገጹን አጥንት ከነሜታ ቻርሴቱ ያወጣልሻል። ቋንቋው ላይ ግን እንግሊዝኛ ብሎ ነው የሚሞላው፤ የአማርኛው ገጽ ላይ ቀይሪው።

4. አጎትሽ የአማርኛውን ጽሑፍ በዎርድ ከላኩልሽና ስትለጥፊው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ፣ የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ግዕዝ የሳሉ ናቸው። እዚህ ላይ የትኛውም ኤዲተር አያድንሽም። መቀየሪያ ፈልጊ፣ ካልሆነ እንደገና ጻፊው። እኔ ጽሑፍ ስቀበል መጀመሪያ አንድ አንቀጽ በቴሌግራም ላኩልኝ እላለሁ፤ እዚያ በትክክል ከታየ ይሆናል።

5. ለዘመድም ቢሆን ቀሪውን ሒሳብ ሳትቀበዪ የሰርቨሩን ፓስወርድ አታስረክቢ። ስልክ ቁጥርም ሆነ የአልጋ ዋጋ ሲቀየር እንዲደውሉልሽ ንገሪያቸው፤ እኔ አሁን ውል ላይ አጽፈዋለሁ። ሠርተሽ በጨረስሽ ቁጥር ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጪው።

ዛሬ በፓኬጅሽ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን አውርደሽ ጀምሪ። ቪኤስ ኮድን ዋይፋይ ያገኘሽ ዕለት ትጭኚዋለሽ።